ከትከሻ የሚተኮስ ሚሳይል ወገናችንን ከድሮን አያድነውም

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለማኅበረሰብ አባላትና ለሕግ አውጪዎች ረዳቶች የቀረበ ንግግር። ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።



ከሀገር ቤት መርዶ በመጣ ቁጥር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ባሉ የለቅሶ ቤቶች አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ «ይህን ድሮን የሚጥል መሣሪያ ለወገናችን የሚልክ እንዴት ይጥፋ?» የሚል። ጥያቄው ከመረረ ኀዘን የመነጨ ነውና አልንቀውም። በጃንዋሪ 2022 ደደቢት በሚገኝ የተፈናቃዮች መጠለያ ከ50 በላይ ሰዎች በድሮን ጥቃት አልቀዋል። በኦገስት 2023 ደግሞ በፍኖተ ሰላም ቢያንስ 26 ሰዎች መገደላቸው ተዘግቧል። የትግራይና የጎጃም እናቶች ዛሬ አንድ ዓይነት ድምፅ ከሰማይ ሲሰሙ እኩል ይደነግጣሉ።

ሆኖም መልሱ ሚሳይል መላክ አይደለም። ይህን የምለው በሦስት ምክንያቶች ነው።

የመጀመሪያው የመሣሪያው ጠባይ ነው። ባይራክታር ቲቢ2 ድሮን ብዙውን ጊዜ የሚያንዣብበው እስከ 5,500 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ነው። በሌዘር የሚመራውንና 22 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝነውን ማም-ኤል የተባለውን ቦምብ ከበርካታ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ይለቅቃል። በአንጻሩ በትከሻ የሚተኮሰው የስቲንገር ሚሳይል የሚደርስበት ከፍታ ከ4,000 ሜትር ያነሰ ነው፤ የቆየው ስትሬላ-2 ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ሁለቱም የሞተር ሙቀት ተከትለው የሚበሩ ሲሆኑ፣ የድሮኑ ትንሽ የፒስተን ሞተር ከጄት ሞተር ያነሰ ሙቀት ያወጣል። እንግዲህ ይህ ሚሳይል ገዳዩን ድሮን ለማግኘት እጅግ ይቸገራል፤ ለማረፍ ዝቅ ያለውን የመንገደኞች ጄት ግን በቀላሉ ያገኘዋል። ከደለስ ተነሥቶ ቦሌ በሚያርፈው አውሮፕላን የሚሳፈሩት የእኛው እናቶችና ልጆች ናቸው።

ሁለተኛው ታሪክ ነው። በኖቬምበር 2002 በሞምባሳ፣ ከ250 በላይ ሰዎችን ጭኖ በተነሣ የእስራኤል የመንገደኞች አውሮፕላን ላይ ሁለት ስትሬላ-2 ሚሳይሎች ተተኩሰው ለጥቂት ስተውታል። አሜሪካም ከ1986 ጀምሮ ለአፍጋኒስታን ታጣቂዎች የሰጠቻቸውን ስቲንገሮች ከጦርነቱ በኋላ መልሳ ለመግዛት ብዙ ገንዘብ አፍስሳለች፤ ሁሉንም ግን አላገኘችም። የሠለጠነ ሠራዊት እንኳ ይሳሳታል። በሜይ 4 ቀን 2020 በሶማሊያ ባርዳሌ፣ የሕክምና ቁሳቁስ ያመላልስ የነበረን አውሮፕላን የኢትዮጵያ ወታደሮች በስሕተት መትተው ስድስት ሰዎች ሞተዋል።

ሦስተኛው ሕግ ነው። ከ2004 ጀምሮ የጸናው የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለውን ሚሳይል መያዝን፣ ማስተላለፍንና ወደ ውጭ መላክን ይከለክላል። ሙከራውና ሤራው እንኳ ከ25 ዓመት በማያንስ እስራት ያስቀጣል። በኀዘን የተነገረ ቃል ወደ ድርጊት ቢሻገር፣ ከመካከላችን የሆነ ወጣት አሌክሳንድሪያ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ይቆማል።

«ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?» ትሉኝ ይሆናል። አንቀመጥም። ድሮን ከብዙ ሀገሮች በመጡ ክፍሎች የሚገጣጠም በመሆኑ፣ አቅርቦቱ በሕግ ሊያዝ ይችላል። ካናዳ ለቱርክ ድሮኖች የምትሸጠው የካሜራ ሥርዓት በናጎርኖ ካራባኽ ጦርነት ላይ መዋሉን ስታረጋግጥ፣ በኤፕሪል 2021 ፈቃዶቹን ሰርዛለች። በ2024 ግን ቱርክ የስዊድንን የኔቶ አባልነት ካጸደቀች በኋላ በሩ መልሶ ተከፍቷል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ ግፊት ይሠራል፣ ግፊቱ ሲላላ ደግሞ በሩ ይከፈታል። ዓለም አቀፉ የሚሳይል ቴክኖሎጂ ቁጥጥር ስምምነት በጥብቅ የሚገድበው 500 ኪሎ ግራም ጭኖ 300 ኪሎ ሜትር የሚበር መሣሪያን ነው፤ 150 ኪሎ ግራም ያህል የሚሸከመው ቲቢ2 ከዚህ ወሰን ውጭ ስለሚቀር፣ የየሀገሩ ሕግ ክፍተቱን መሙላት አለበት።

ስለዚህ ለክቡራን ረዳቶች ሦስት ጥያቄዎች አቀርባለሁ።

1. በውጭ እርዳታ ሕግ አንቀጽ 502ቢ መሠረት፣ ምክር ቤቱ ስለ ኢትዮጵያ የሰብአዊ መብት ይዞታ መግለጫ ይጠይቅ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ30 ቀናት ውስጥ የመመለስ ግዴታ አለበት።

2. በኢትዮጵያ ላይ በሚበሩ የሦስተኛ ሀገር ድሮኖች ውስጥ የአሜሪካ ክፍሎች መኖር አለመኖራቸውን የሚያጣራ ሪፖርት በዓመታዊው የመከላከያ ሕግ ይታዘዝ።

3. በትከሻ የሚተኮሱ ሚሳይሎችን ከየመጋዘኑ ለማስወገድ የሚመደበው በጀት ለአፍሪካ ቀንድ ይጠናከር። ይህ የአሜሪካ መርሐ ግብር እስካሁን በልዩ ልዩ ሀገሮች ከ30 ሺህ በላይ ሚሳይሎችን አስወግዷል።

ወገኖቼ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በአብዛኛው በሜሪላንድ 8ኛ፣ አሌክሳንድሪያም በቨርጂኒያ 8ኛ የምርጫ ክልል ውስጥ ናቸው። በሁለቱም ድምፅ የምንሰጥ ሰዎች ነን። በለቅሶ ቤት የምንናገረውን ቁጭት ወደ እንደራሴዎቻችን ቢሮ እንውሰደው። ስንሄድም የደደቢትን ሟቾች የሚያስታውሰውና የፍኖተ ሰላምን ሟቾች የሚያስታውሰው አብረው ይግቡ፤ አንዱ የሌላውን ሟች ስም ይጥራ። ያን ጊዜ ጥያቄያችን የአንድ ወገን ክስ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይችልም።