ሰሃን ባዶውን አይመለስም

እኛ ከገጠር ወጥተን ተፍኪ የገባን ነን። ተፍኪ ከሰበታ አልፎ በጅማ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ዙሪያዋ ጥቁር አፈር ነው፤ ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ ያበቅላል።

በገባን ማግስት አንዲት ጎረቤት እንጀራ በወጥ ይዘውልን መጡ። ታዲያ ሰሃኑን ባዶውን እንዴት እንመልስ? ገንዘብ የለን። ገብስና ቅቤ ግን ከአገር ይዘን ነበርና ጭኮ ሠራን።

የመጀመሪያው ሻገተብን፤ አፈርን። አንዲት እናት አይተው፣ «ውሃ ነክቶታል፤ ቅቤውም በደንብ አልተነጠረም» አሉን። እውነት ነው፣ ቅቤ ውስጥ ውሃ አለ። ሲነጠር ውሃው ተንኖ ያልቃል፤ መንጣጣቱን ሲተው ነው የሚወርደው። ገብሱ ይፈተጋል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል። ከዚያ በሶውን ከጨውና ከንጥር ቅቤ ጋር በደረቅ እጅ ማሸት ነው። ጠብታ ውሃ አይገባም! እንዲህ የተሠራ ጭኮ በደረቅ ዕቃ ተከድኖ ብዙ ይቆያል። መንገደኛ ስንቅ የሚያደርገው ለዚሁ ነው።

ቆሎም ሰጥተናል፤ ገብስና ሽምብራ ብቻ። ጓያ አልጨመርንም። ጓያን ለወራት አዘውትሮ ብዙ የበላ ሰው እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጭኮ አማረ፤ በሰሃኑ አድርገን አደረስን። በሳምንቱ ያው ሰሃን ሞልቶ ተመልሶ መጣ። አሁን ዕዳው የማን እንደሆነ ጠፍቶብናል።