አየር፣ ውሃና አፈር በሰው ጤና ላይ

በመጥሪያ ካርዱ ላይ አየር ቀድሞ አፈር መጨረሻ ተቀምጧል። እኔ ግን ከኋላ፣ ከአፈሩ ልጀምር። የሚያውቁኝ ሰዎች ከወዲሁ እየሳቁ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ጋ እንደማልደርስ ጠርጥረዋል።

ወጣት የጤና መኮንን ሆኜ ምሥራቅ ጎጃም በአንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ፣ እግራቸው ያበጠ ሰዎች ተራቸውን የሚጠብቁት አግዳሚው ላይ ሳይሆን አጥር ጥግ ቆመው ነበር። ዝሆኔ ነው። ከትምህርት ቤት ይዤ የወጣሁት ዕውቀት በሽታውን የሚያመጣው በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ ትል ነው ይላል። ትሉ ደም ውስጥ የሚታየው ሌሊት ስለሆነ፣ እኩለ ሌሊት ፋኖስ ይዤ ከቤት ቤት እየዞርኩ፣ ውሻ እያባረረኝ፣ የሰው ጣት ወጋሁ። አንድም ትል አላገኘሁም። ጥፋቱን በማይክሮስኮፑ አላከክሁ።

መልሱ ግን ከእኔ በፊት ተገኝቶ ነበር። በሥጋ ደዌ ሕክምና ላይ የተሰማራ ኧርነስት ፕራይስ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ ቀላል ነገር አደረገ፤ ገበያ ወጣ። የገበያተኛውን እግር እያየ ቆጠረ። ተማሪዎች፣ ይህን ልብ በሉልኝ፦ በበሽታው የሚያፍር ሰው ጤና ጣቢያ ላይመጣ ይችላል፤ ጨው መግዛት ግን አይቀርለትም። ፕራይስ ቆጠራውን ከአፈሩና ከዝናቡ ጋር ሲያስተያይ፣ ሕመሙ የተከማቸው ዝናብ በሚበዛበት ከፍተኛ ቦታ፣ ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ሆኖ አገኘው። ትንኙ በሚበዛበት ቆላ አልነበረም። የሕመምተኞች የብሽሽት ንፍፊት በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ ሲታይም ሲሊከንና አሉሚኒየም ያለበት ደቃቅ የአፈር ብናኝ ተገኘበት።

በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ አለው፤ እግርና ትቢያ ከሚሉ የግሪክ ቃላት። ብናኙ በባዶ እግር ቆዳ ይገባል፣ ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ያስቆጣል፣ ቱቦዎቹ እየጠበቡ ይደፈናሉ፣ ፈሳሹም መመለሻ ያጣል። እብጠቱ ከጣቶች ተነሥቶ ወደ ጉልበት ይወጣል። ትሉ ከሚያመጣው ዝሆኔ አንዱ መለያው ይኸው ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ሰባኪ ሆንኩ። በየቀበሌው «የዘር በሽታ አይደለም፣ ከአፈር ነው» እያልኩ ዞርኩ። ምክንያት ነበረኝ፤ «ዘር አለባት» ተብላ የታጨች ልጅ ስትመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ እኔና ወንድሜ አንድ ማሳ ነው ያረስን፣ ሁለታችንም በባዶ እግር። እሱን ለምን አልያዘውም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «እስኪ ጫማ ያድርጉ አባባ» ብዬ አለፍኩት። ጥያቄውን በማለፌ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

መልሱ የመጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። በፋሲል ተኮላ አየለ መሪነት ወላይታ ላይ የተሠራው ጥናት 194 ሕመምተኞችን ከ203 ጤነኞች ጋር አስተያየ። ልዩነቱ የተገኘው ሰውነታችን ባዕድ ነገርን ለይቶ በሚያጠቃበት ሥራ ላይ ባሉ ጂኖች አካባቢ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ልክ ነበሩ፤ ዘር አለበት። እኔም ግማሹን ልክ ነበርኩ፤ ዘሩ ያለበት ሰው እግሩ አፈሩን ካልነካ አያብጥም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለኸው ወጣት ራስህን ነቀነቅህ፤ ገብቶኛል፣ «ታዲያ ለሕዝቡ የቱን እንንገር?» ልትል ነው። እኔ አሁን ሁለቱንም እናገራለሁ። «ዘሩ በቤታችሁ ካለ ለልጃችሁ ጫማ ከሌላው ቀድማችሁ ግዙለት» ስል፣ ያ ሁሉ ዘመን ማሳፈሪያ የነበረው ዕውቀት መጠበቂያ ይሆናል። ጫማ ስል ደግሞ ሽፍኑን ነው። በረባሶ አፈሩን ከጎን ያስገባዋል።

በአገራችን የበሽታውን ስፋት ለመለካት በ2013 እ.ኤ.አ. በ1,315 ማኅበረሰቦች ቆጠራ ተደርጎ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት 100 ሰዎች መካከል በአራቱ ገደማ ተገኝቷል። ላበጠውም እግር ሕክምና አለው፤ ጥቂት በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ በሳሙና መታጠብ፣ በጣቶች መሐል አድርቆ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በ696 ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ይህ ክብካቤ እግሩን እያጋለ አልጋ ላይ የሚጥለውን ማገርሸት አንድ አምስተኛ ያህል ቀንሷል። ትንሽ የሚመስለው በወር አንዴና ሁለቴ ማጭድ አስጥሎ የሚያስተኛ ሕመም ለማያውቅ ሰው ነው።

ሰብሳቢው ወረቀት አቀበሉኝ። ስድስት ደቂቃ። እሺ፣ ውሃ።

በስምጥ ሸለቆ፣ ወንጂን በመሳሰሉ ቦታዎች፣ የጉድጓድ ውሃ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ፍሎራይድ ይቀዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ሲበዛ የሕፃናት ጥርስ ይበልዛል፤ በጣም በዝቶ ለዓመታት ከተጠጣ አጥንት ይደድርና ወገብ አልታጠፍ ይላል። እናቶች «ውሃውን አፍልተን ነው የምንሰጣቸው» ይሉኛል። ማፍላት ተዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ያከርረዋል። ዝርዝሩን የፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ጥናቶች ላይ ፈልጉ።

አየሩን በአንድ ትንፋሽ ልጨርስ። በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። ምጣዱ ሥር የምትጎነበሰው ማን እንደሆነች፣ ጀርባዋ ላይ ማን እንደታዘለ እኛ አዳራሽ ውስጥ ላለነው አይነገረንም። ይህ ራሱን የቻለ ዲስኩር ይገባው ነበር፤ ጊዜውን የበላሁት እኔ ነኝ።

ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩትን ጫማ ሁላችሁም ስታዩት ነበር። ለአንዲት ያበጠ እግር ላላት ሴት ተለክቶ የተሰፋ ነው፤ ሱቅ ውስጥ በቁጥር የሚሸጥ አይበቃትም። የግራው ከቀኙ በአራት ጣት ይሰፋል። ስትወጡ አንሥታችሁ እዩት፤ ነገ ስለምመልስላት ብቻ ወደ ቦታው መልሱልኝ።