ከማህፀን የሚጀምር ቲቢ
አድማጮች፣ ጨቅላ እንደተወለደ ቢሲጂ ከተከተበ ቲቢ ምን ያሰጋዋል የምትሉ ትኖራላችሁ። ክትባቱ ግን ከወሊድ በኋላ ነው የሚሰጠው፤ ባክቴሪያው ቀድሞ በእንግዴ ልጅና በእትብት አልፎ ጉበቱ ላይ ሊያርፍ፣ ወይም ሕፃኑ ከሽርት ውሃው ጋር ሊውጠው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ጡት እምቢ ይላል፣ ያተኩሰዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ሆዱ ይነፋል፤ ይህም ከሌላ የጨቅላ ኢንፌክሽን በቀላሉ አይለይም። በሽታው ብርቅ ነው ቢባል እውነት ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የእናቲቱ ቲቢ የሚታወቀው ልጇ ከታመመ በኋላ በመሆኑ፣ ያልፈለጉት አይገኝም። ስለዚህ ፍለጋው ከእናት ይጀመር ባይ ነኝ፦ በሶዶ፣ በቦዲቲም ሆነ በአረካ፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ወይም የሌሊት ላብ ያለባት ነፍሰ ጡር ለክትትል ስትሄድ ትናገር። መድኃኒቱ ጽንሱን ይጎዳል ብላችሁ አትስጉ፤ የተለመዱት የቲቢ መድኃኒቶች በእርግዝናም ይሰጣሉ፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያም በነፃ ነው።