ቀዝቃዛውን የባሕር ወለል በድምፅ ስለ መለካት



ናንሰን በ1893 እ.ኤ.አ. በፍራም መርከብ ወደ አርክቲክ ሲጓዝ ባሕሩ ጥልቀት የሌለው መስሎት ስለ ነበር የያዘው መለኪያ ገመድ አጠረው። ከመርከቧ የብረት ገመዶች አንዱን አስፈትቶ ረጅም መለኪያ አሠራ፤ ጥልቀቱም ከ3000 ሜትር በላይ ሆኖ ተገኘ።

እኛ ዛሬ በገመድ ፈንታ ድምፅ እንልካለን። የምንለካው ግን ጥልቀትን ሳይሆን ድምፁ ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ ነው፤ ይህን ተማሪዎቼ ቶሎ ይዘነጉታል። ድምፅ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘገያል። በሴኮንድ 1450 ሜትር የሚጓዘውን 1500 ብለን ብናሰላ፣ 4000 ሜትር የሚጠልቀው ወለል 138 ሜትር ያህል ጠልቆ ይታየናል። በበረዶ ግግር ፊት ባለ ሸለቆ ከዚህ ያነሰ ስሕተትም ያሳስታል፤ ከታች የሚመጣውን ሞቃት ውሃ የሚያግደው በሸለቆው አፍ ያለ የወለል ጉብታ ነውና።

በ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ የአርክቲክ ወለል ካርታ በልኬት የሸፈነው 19.8 በመቶውን ብቻ ነው። ቀሪው በስሌት የተሞላ ነው።