ሻማውን ከመሸጤ በፊት ማወቅ የነበረብኝ

(በተመራቂዎች ማኅበር የመገናኛ ቀን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሕክምና ውጭ ስለምትሠሪው ነገር ተናገሪ» ሲለኝ ሳቅኩ። ከሕክምና ውጭ የምሠራው ሻማ ነው። ዶርም ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር አንዲት ሻማ ለአራት ከበን አናቶሚ ያጠናን ሁሉ፣ ከሻማ ጋር የቆየ ትውውቅ እንዳለን ትመሰክራላችሁ። ሻማዋ ብትወድቅና ቤቱን ብታቃጥል ማን እንደሚጠየቅ ግን ያኔ አስበን አናውቅም። የዛሬው ወሬዬ ስለዚያ ነው።

ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ከሆስፒታል ስመለስ እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ነበር። ቤዝመንት እወርድና የሶያ ሰም አቀልጣለሁ፣ የቡናና የዕጣን መዓዛ እቀላቅላለሁ። መጀመሪያ ለጓደኞቼ ሰጠሁ። ከዚያ «ለእኔም፣ ለእኔም» በዛ። ለገና ባዛር ጠረጴዛ ተከራየሁና ገንዘብ ተቀበልኩ። ያኔ አላስተዋልኩትም እንጂ፣ የእጅ ማፍታቻዬ ንግድ የሆነው ያን ቀን ነው።

በሁለተኛው ዓመት አንድ እሑድ ማታ ስልኬ ጮኸ። አብራኝ የምትሠራ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ ሀበሻ ነርስ ናት። «ዶክተርዬ፣ አትደንግጪ፣ ሁላችንም ደህና ነን» አለችኝ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ስልክ ምን እንደሚያስከትል እናንተ ታውቁታላችሁ። የእኔ ሻማ ብርጭቆው ተሰንጥቆ፣ ሰሙ ፈሶ፣ የጠረጴዛው ልብስ ተቀጣጥሏል። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ላነሳው ስትል እጇ ተቃጥሏል። በርሬ ሄድኩ። የሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ ነው፤ ደግነቱ ሰፊ አልነበረም። እጇን እያሰርኩላት ልጅቷ ቀና ብላ «ሻማውን የሠራሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

በማግሥቱ ለኢንሹራንስ ወኪሌ ደወልኩ። የሐኪም ኢንሹራንስ አለኝ፣ የቤት ኢንሹራንስ አለኝ፣ ምን ቀረኝ ብዬ ነበር። ለካ ሁለቱም አይሠሩም። የመጀመሪያው ለታካሚ ነው። የቤቱ ውል ደግሞ ከንግድ ሥራ የሚመጣን ተጠያቂነት በግልጽ ያወጣዋል። ቤት ውስጥ ለተቀመጠ የንግድ ዕቃ እንኳ በተለመደው ውል የሚሸፈነው 2,500 ዶላር አካባቢ ብቻ ነው። ውሉን ለዓመታት ስከፍልበት ኖሬ አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም።

«ግን እኮ ኤልኤልሲ አለኝ!» አልኩ። 100 ዶላር ከፍዬ ስመዘገብ ቤቴንና የልጆቼን የትምህርት ገንዘብ ያዳንኩ መስሎኝ ነበር። ኤልኤልሲ የድርጅቱ ዕዳ ወደ ባለቤቱ ኪስ እንዳይሻገር ይከላከላል። ሰው በገዛ እጁ ለሠራው ጥፋት ግን አይከልለውም። ሰሙን ያፈሰስኩት፣ ክሩን የመረጥኩት እኔው ነኝ። በዚያ ላይ ሜሪላንድን ጨምሮ በብዙ ስቴቶች ተጎጂው የሻጩን ቸልተኝነት ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ዕቃው አደገኛ ጉድለት እንደነበረበትና የጎዳውም ያ ጉድለት መሆኑን ማሳየት ይበቃዋል።

ነርሷ አልከሰሰችኝም። ብትከሰኝ መብቷ ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። የለመድኩት ብርጭቆ አልቆብኝ ረከስ ያለ ገዝቼ ነበር፤ ክሩን ሳልለውጥ፣ አንድም ሳልሞክር 60 ሻማ ሠርቼበት ሸጫለሁ። ለማን? አልጻፍኩም! «ቻርት ላይ ያልተጻፈ አልተደረገም» እያልኩ ሬዚደንቶችን የምቆጣ ሴት፣ ለገዛ ሻማዬ አንድ ደብተር አልነበረኝም። ከሰው ሰው እየጠየቅኩ፣ ስልክ እየደወልኩ 43ቱን አገኘሁ። አደገኛ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የሸጠ ሰው፣ ጉድለቱን ባወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራሉ የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽን ማሳወቅ እንዳለበት የሰማሁትም ያኔ ነው። ዘግይቼ አሳወቅኩ።

ስድስት ወር ሥራውን አቆምኩ። ስመለስ እንዲህ አድርጌ ነው።

አንደኛ፣ ወረቀቱን ጨረስኩ። ካውንቲው መኖሪያ ቤት ውስጥ ስለሚሠራ ሥራ ያወጣውን ደንብ አነበብኩ። ከሰርኪዩት ኮርት ክላርክ ቢሮ የነጋዴ ፈቃድ አወጣሁ፤ የስቴቱን 6 በመቶ የሽያጭ ታክስ ለመሰብሰብ ተመዘገብኩ። የፌዴራል የታክስ ቁጥር ከአይአርኤስ በነፃ ነው፤ ለዚህ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ አትክፈሉ።

ሁለተኛ፣ የምርት ተጠያቂነትን ያካተተ የንግድ ኢንሹራንስ ገዛሁ፤ ለአንድ አደጋ እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር። እዚህ የምትሠሩ ሐኪሞች «ክሌምስ ሜድ» እና «ኦከረንስ» የሚባለውን ልዩነት ታውቃላችሁ። የእኔ ኦከረንስ ነው። የሚያየው ጉዳቱ የደረሰበትን ቀን እንጂ ሻማው የተሸጠበትን ቀን አይደለም። ዘንድሮ የሸጥኩት ሻማ የዛሬ ሁለት ዓመት ሰው ቢያቃጥል፣ ውሉ በዚያን ቀን በሥራ ላይ መሆን አለበት። ስለዚህ «ሥራውን ትቼዋለሁ» ብሎ በማግሥቱ አረቦን ማቋረጥ አያዋጣም። ሥራ ካቆሙ በኋላ ስለሚቀጥል ሽፋን ወኪላችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ኤኤስቲኤም ያወጣቸውን የሻማ ደረጃዎች ያዝኩ፤ ኤፍ 2417 ለእሳት ደኅንነት፣ ኤፍ 2058 ለማስጠንቀቂያ ጽሑፍ። በሕግ ግዴታ አይደሉም፤ ኢንሹራንሴ ግን መጀመሪያ የጠየቀኝ እነሱን ነው። የእርሳስ ማዕድን ያለበት ክር ግን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። ብርጭቆ፣ ክር ወይም መዓዛ በለወጥኩ ቁጥር፣ አንድ ሻማ እስከ መጨረሻው አጠገቡ ቁጭ ብዬ አነዳለሁ። ጽሑፉ ላይ ክብደቱ፣ ስሜና አድራሻዬ አለ፤ እያያችሁት ብቻ አብሩት፣ ከሚቀጣጠል ነገር አርቁት፣ ከልጆችና ከቤት እንስሳት አርቁት ይላል።

አራተኛ፣ ደብተር ገዛሁ። እያንዳንዱ ሻማ ሥሩ ላይ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ምን ሰም፣ ምን ክር፣ በየትኛው ቀን፣ ለማን እንደተሸጠ ይነግረኛል።

ይህን የምላችሁ ሻማ ሥሩ ለማለት አይደለም። ከመሃላችን በርበሬ የሚደልዝ፣ እንጀራ የሚሸጥ፣ ባለቤቱ ቤት ውስጥ ሳሙና የምትሠራ አለ። አገር ቤትም ቢሆን አዋጅ ቁጥር 980/2008 ያለ ንግድ ፈቃድ መነገድን ይከለክላል። ፈቃድ ሳንይዝ በሽተኛ የማንነካ ሰዎች፣ ኩሽና ስንገባ ሁሉን እንረሳዋለን። የእኛ ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል። እኔ ከተቃጠለ በኋላ ነው የተማርኩት፤ የተቃጠለውም የእኔ እጅ አይደለም።

የልጅቷ እጅ ድኗል፤ ትንሽ ጠባሳ ቀርቷል።

ከመውረዴ በፊት አንድ ልመና አለኝ። ከ60ዎቹ 17 ሻማ አሁንም አልተገኘም። አንዳንዱን የሸጥኩት በዚሁ በእኛ ሰው መሃል ነው። አጭር ብርጭቆ፣ ሰማያዊ ክዳን፣ የቡና መዓዛ። ቤታችሁ መደርደሪያ ላይ ካለ፣ እባካችሁ አታብሩት። ለእኔ መልሱልኝ፤ ገንዘባችሁንም አዲስ ሻማም እሰጣችኋለሁ።