ማኅተም የሌለው ጦማር፦ የበይነ መረብ መረጃ ተአማኒነትና ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት



«ጦማር» የሚለው ቃል ከበይነ መረብ እጅግ ይቀድማል፤ በግዕዝ ደብዳቤ ማለት ነው። የነገሥታት ደብዳቤ ማኅተም ነበረው፤ ተቀባዩም ቃሉን ከማመኑ በፊት የላኪውን ማንነት ከማኅተሙ ይረዳ ነበር። በዛሬው ጦማር ግን ማኅተሙን የሚፈልግ አንባቢ ጥቂት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የተቃጠለ መንደር የሚያሳይ ፎቶግራፍ በስልኬ ደረሰኝ። የላከልኝ የማምነው ወዳጄ ነበር፤ ጽሑፉም ስለ ሀገራችን ይናገራል። ልቤ ስለ ተነካ ሳልመረምር ለብዙዎች አስተላለፍሁት። በማግስቱ አንዲት ተማሪዬ ወደ ቢሮዬ መጥታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መምህር፣ ይህ ፎቶ እኮ የሌላ ሀገር ነው» አለችኝ። ምንጩን ፈልጋ ለማግኘት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር የፈጀባት። የምርምር ዘዴ አስተማሪው እኔ ነበርሁ። ማረሚያ ጻፍሁ፤ ማረሚያው ግን ፎቶግራፉ በደረሰበት ሁሉ አልደረሰም።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት መረጃን የመሰብሰብ፣ የመቀበልና የማሠራጨት ነፃነቶችን እንደሚያካትት ይደነግጋል። ስለ ነፃነት ስንከራከር ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ማሠራጨትን ብቻ ነው። እኔም ያን ዕለት የተቀበልሁትን አሠራጨሁ፤ መፈለጉንና መሰብሰቡን ዘለልሁት።

የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ በሚፈጸም ጥፋት ላይ ቅጣቱን ያከብዳል። ይኸው አዋጅ ግን ተናጋሪው የመረጃውን እውነተኛነት ለማረጋገጥ በሁኔታው ተገቢ የሆነ ጥረት ካደረገ ንግግሩ እንደ ሐሰተኛ መረጃ እንደማይቆጠር ይገልጻል። ስለዚህ ከዜጋ የሚጠበቀው ጥረት እንጂ ፈጽሞ አለመሳሳት አይደለም።

ጥረት ደግሞ መንገዱ ክፍት መሆኑን ይጠይቃል። ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ተማሪዬ ያደረገችውን ማድረግ የሚችል የለም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታስረው በሽብር ተከሰሱ። ከአንድ ዓመት በላይ ከታሰሩ በኋላ ከፊሎቹ ክሳቸው ተቋርጦ፣ ከፊሎቹም ከሽብር ክሱ በፍርድ ቤት ነፃ ተብለው ወጡ። ጦማሪያኑ በስማቸው የሚጽፉ፣ ማኅተም ያላቸው ነበሩ። በስሙ የሚጽፍ ሰው ሲታሰር ሌላው ሁለት ነገር ይማራል፤ ወይ ዝም ማለትን፣ ወይ ስምን ደብቆ መጻፍን። ከዚያ በኋላ ተጠያቂ የሌለው ወሬ በረከተ ብሎ ማማረር የራስን ሥራ መርሳት ነው።

እንግዲህ ከመንግሥት የምጠይቀው በስሙ የሚጽፈውን እንዳያስፈራራ፣ የመረጃ ምንጮችንም እንዳይዘጋ ነው። እናንተን ተማሪዎቼን ደግሞ እንዲህ እላለሁ፦ በስማችሁ ጻፉ፤ የጻፋችሁትን እንዴት እንዳወቃችሁት ግለጹ፤ ስትሳሳቱም ስሕተቱ በታየበት በዚያው ቦታ አርሙት። ስሙን ለመግለጽ ሕይወቱን የሚያሰጋው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም፤ ማስረጃውን ግን አብልጦ ማሳየት ይገባዋል።

ያችን ተማሪ ያን ዕለት በቢሮዬ አመስግኜአት ነበር። ስሕተቱን የሠራሁት በአደባባይ ነውና ዛሬ በአደባባይ አመሰግናታለሁ።