ስለ ባሕር ኃይልና ስለ አዋሽ ውኃ
በአዳማ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ



ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት የቈየ ዕዳ ለመክፈል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጽሕፈት ሥራዬ ምክንያት የአንድ ገጠር ትምህርት ቤት መዝገብ ልመረምር ሄጄ ሳለሁ፥ አንድ ልጅ መጽሐፍ ይዞ ቀረበኝና፥ «ጋሼ፥ ከባሕር ሞገድ መብራት ይወጣል ይላል። እኛ ባሕር የለንምና ምን እንሆናለን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ቸኵዬ ነበርና፥ «ባሕር የሌለው ሰው ስለ ባሕር ምን አስጨነቀው፤ ሂድ ትምህርትህን አጥና» አልሁት። ልጁም መጽሐፉን አጥፎ ሄደ። በመንገድ ስመለስ ግን ነገሩ ከነከነኝ፤ የጠየቀው ትምህርቱን ነበርና። እኔ ቅኔ ስማር መምህሬን በጥያቄ ሳደክማቸው አንድ ቀን እንኳ ሂድ ብለውኝ አያውቁም። ስለዚህ ያን ጊዜ ልመልስለት የሚገባኝን ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ፤ እናንተም ለልጆቹ ታደርሱልኛላችሁ። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚገኝ እንናገር። በ1831 ፋራዴይ የተባለ የእንግሊዝ ሊቅ ማግኔት በመዳብ ሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚነሣ አገኘ። ከዚያ ወዲህ የሰው ድካም ሁሉ ያን ማግኔት የሚያዞር ኃይል መፈለግ ሆነ። ውኃ መንኰራኵር አዙሮ እህል እንደሚፈጭ፥ እንዲሁም መንኰራኵሩ ማግኔቱን ቢያዞር መብራት ይሰጣል። የኃይሉ መለኪያ ሜጋ ዋት ይባላል፤ አንዱ ሜጋ ዋት መቶ መቶ ዋት የሚበሉ 10,000 አምፑሎችን ያበራል።

አሁን ወደ ባሕሩ እንምጣ። ባሕር በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጐድላል። ባሕረ ሐሳብ የተማራችሁ አባቶች የጨረቃን ሌሊት በአበቅቴ ታወጣላችሁ፤ የባሕርም ሙላት የሚቈጠረው በዚያችው በጨረቃ ነው። ጨረቃ ምድርን ስትስብ ወደ እርስዋ የቀረበውን ውኃ አብልጣ ትስበዋለች፤ በማዶ ያለውን ግን አሳንሳ ስለምትስበው ከምድር ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ባሕሩ በሁለት ወገን ያብጣል፤ ምድርም በመካከሉ ስትዞር እያንዳንዱ ዳርቻ ሁለቱንም እብጠት በየተራው ያገኛል። ፀሐይም ትረዳታለች፤ በሠርቅና በሙሉ ጨረቃ ጊዜ ሁለቱ በአንድ መሥመር ስለሚሆኑ ሙላቱ ይበረታል። ስለዚህም የባሕር ሙላት እንደ በዓላት ቀን አስቀድሞ ተቈጥሮ ይታወቃል።

ፈረንሳዮች በ1966 ላ ራንስ በተባለ ወንዝ አፍ ላይ ግድብ ሠርተው 24 መኪናዎች ተከሉ። በዚያ ስፍራ ሙላቱ ሲበረታ ውኃው ከ13 ሜትር ይበልጥ ከፍ ይላል። ባሕሩ ሲሞላ ውኃው ይገባል፤ ሲጐድል የተያዘው ውኃ መኪናዎቹን እያዞረ ይወጣል። ኃይሉም 240 ሜጋ ዋት ነው። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ በ2011 በሲህዋ ከዚያ የሚበልጥ፥ 254 ሜጋ ዋት የሚሰጥ፥ ሠራች፤ በባሕር ሙላት ከሚሠሩት ሁሉ ትልቁ እርሱ ነው። ሞገድ ግን ከሙላት ልዩ ነው፤ የሚነሣው ከነፋስ ነው። በእስፓኝ አገር ሙትሪኩ በተባለ ወደብ ሞገዱ በግንብ ክፍል ውስጥ ከፍና ዝቅ ሲል አየሩን እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይገፋዋል፤ አየሩም መንኰራኵሩን ያዞራል። ነገር ግን ኃይሉ አንድ ሜጋ ዋት እንኳ አይሞላም። ጨውና ዐውሎ ነፋስ ብረቱን ስለሚበሉትና ስለሚሰብሩት የሞገድ ሥራ ገና አልጐለመሰም።

እንግዲህ የልጁ ጥያቄ ይመለስ። ኤርትራ በ1993 ራስዋን የቻለች መንግሥት ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የላትም። ቀይ ባሕርም በጠባብ በር ከውቅያኖስ ስለሚገናኝ ሙላቱ ከላ ራንስ ጋራ አይመዛዘንም። ይሁን እንጂ ባሕሩ ራሱ በየክረምቱ ወደ እኛ ይመጣል። ፀሐይ ከውቅያኖስ ያነሣችውን እንፋሎት ነፋስ ተሸክሞ በደጋችን ላይ ያዘንመዋል፤ ከዚያ አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። ወደ ባሕርም ሳይደርስ በአፋር በረሃ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ከባሕር የተቀበልነውን ውኃ አንድ ጠብታ ሳንመልስ የምንሠራበት ወንዝ ይህ ነው።

በኮካ፥ ከአዳማ በቅርብ፥ ከጣሊያን በጦር ካሣ በተከፈለ ገንዘብ ግድብ ተሠርቶ በ1960 ተመረቀ፤ ኃይሉ 43 ሜጋ ዋት ነው። ከኮካ የወጣው ያው ውኃ በታች በአዋሽ ሁለተኛና በአዋሽ ሦስተኛ፥ በ1966ና በ1971 በተሠሩት፥ እንደ ገና ይሠራል፤ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ናቸው። አንድ ውኃ ሦስት ጊዜ ያገለግላል፤ የወንጂንም ሸንኰራ ያጠጣል። ሞገድን የሚያነሣው ነፋስ ደግሞ በአዳማ ኰረብቶች ላይ ይነፍሳል፤ በ2012 51 ሜጋ ዋት፥ በ2015 153 ሜጋ ዋት የሚሰጡ የነፋስ መኪናዎች ተተከሉ። እነዚህ አምስቱ ሲደመሩ 311 ሜጋ ዋት ይሆናሉ፤ ይኸውም ከሲህዋ ይበልጣል። ነፋስ ዘወትር አይነፍስምና፥ ውኃም በበጋ ያንሳልና፥ ቍጥሩ መኪናዎቹ የሚችሉት እንጂ ሁልጊዜ የሚሰጡት አይደለም። ደግሞ በዝዋይና በላንጋኖ መካከል ባለው በአሉቶ ተራራ በምድር ሙቀት የፈላ እንፋሎት በጥልቅ ጕድጓድ እየወጣ በ1998 ኤሌክትሪክ መስጠት ጀምሯል። በ2025 የተመረቀውም ታላቁ የህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት ነው። እንግዲህ ልጁ ቢጠይቅ፥ «ባሕር የለንም፤ ኃይል ግን አላጣንም» ብላችሁ መልሱለት።

ነገር ግን መኵራት ብቻውን ሥራ አይሆንም፤ ሁለት ነገሮች ያሳስባሉ።

መጀመሪያው ደለል ነው። ኮካ ከተሞላ ጀምሮ ጐርፍ ከላይ ካለው እርሻ አፈሩን እያጠበ አምጥቶ የውኃውን ስፍራ ቀላል ያልሆነ ክፍል ይዞበታል። ደለል በገባበት መጠን ለበጋ የሚቀመጠው ውኃ ያንሳል፤ ውኃው ሲያንስ መብራቱ ያንሳል፤ በክረምትም ግድቡ ቶሎ ስለሚሞላ በታች ያለውን አገር ጐርፍ ያሰጋዋል። እንቦጭ የተባለው አረም ደግሞ ፊቱን ይሸፍነዋል። በላ ራንስም የወንዙ አፍ ለሥራ በተዘጋበት ዘመን በውስጡ የነበሩ ፍጥረቶች አልቀው ነበር፤ ዛሬም ደለል ያስቸግራቸዋል። ስለዚህ በደጋው ላይ ቍልቍል የሚያርስ ገበሬ ሳያውቀው የከተማውን መብራት ያጠፋል፤ እርከን የሚሠራም ገበሬ መብራቱን ይጠብቃል። ይህን ለገበሬው ማን ይነግረዋል? ልጁን የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ።

ሁለተኛው የፍትሕ ነገር ነው። ኮካ ሲሞላ የብዙ ሰው እርሻና ግጦሽ ከውኃው በታች ቀርቷል። ከዓመታት በፊት የአንድ መንደር ሽማግሌዎች፥ ሽቦው በቤታችን ላይ አልፎ ይሄዳል፤ ልጆቻችን ግን በኩራዝ ያነባሉ ብለው አቤቱታ አጽፈውኛል። ማመልከቻውም በአንድ መሥሪያ ቤት ብዙ ጊዜ ተቀመጠ። እኔ ጻፍሁት እንጂ ተከትዬ አልጠየቅሁም፤ ይህም ሌላው ዕዳዬ ነው። መሬቱን ለውኃው የለቀቀ ሰው ከብርሃኑ ሊካፈል ይገባዋልና፥ ሽማግሌዎች ሆይ፥ መጠየቃችሁን አትተዉ፤ ቀንና ቍጥር ያለበትን ወረቀት በእጃችሁ ያዙ።

መምህራን ሆይ፥ ለዚህ ትምህርት ብር አያሻም። ከአሮጌ ቆርቆሮ መንኰራኵር ቈርጣችሁ በእንጨት ላይ ሰክታችሁ ከማሰሮ ውኃ አፍስሱበት፤ ልጆቹ የኮካን ሥራ ያያሉ። ደግሞ የደፈረሰ የጐርፍ ውኃ በገበታ አሳድራችሁ በማለዳ ጠሎውን ብቻ ድፉት፤ በላዩም ሌላ ድፍርስ ጨምሩ። እንዲህ አሥር ቀን አድርጋችሁ ገበታው ስንት ጣሳ ውኃ እንደሚይዝ አስለኩአቸው፤ በመጀመሪያው ቀን ከለኩት ጋራ ያስተያዩት። ከዚያ በኋላ ስለ እርከን ብዙ መናገር አያስፈልጋችሁም።

ያን ልጅ ዳግመኛ አላገኘሁትም። ከእናንተ በአንዱ ትምህርት ቤት ይኖር ይሆናልና፥ ብታገኙት መልሱን ስጡልኝ፤ ስለ ቍጣዬም ይቅር በለኝ ብሎሃል በሉት። እግዚአብሔር ትምህርታችሁን ይባርክ።